ተራው የማን ነው?

ውድ አንባቢ፣ ወደ ሐረር ብቅ ብለው የሚያውቁ ከሆነ ፈረስ መጋላን አይረሱትም። በሐረር በር ገብተው ቀጥ ብለው ሲሄዱ መሐል ጁገል ላይ የሚያገኙት አደባባይ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ዱሮ የፈረስ ገበያ ነበር። ዛሬ ፈረሱ ቀርቶ የሚጋፉበት ባጃጁና እግረኛው ናቸው። ከአደባባዩ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም ያሰጡት ግራና ቀኝ ተደርድረው ልብስ የሚሰፉት ሰዎች የስፌት መኪናዎች ናቸው።

መሸት ሲል የመኪናዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ጸጥ ይላል። ሰፊው ያላለቀውን ጨርቅ አጥፎ ያስቀምጣል፤ መኪናውን ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራው ነገ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ይጠብቀዋል።

ከዚያ መንገድ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ግን ሥራቸውን ሸፍነው ማሳደር የማይችሉ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ባልየው ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ሚስትየዋ የእፅዋት ሳይንስ። «ስማችንንም መሥሪያ ቤታችንንም አትጥቀሱብን» ስላሉን ቃላችንን ጠብቀናል። ታሪካቸው ግን በመምህራን ቤት ብቻ ተወስኖ የሚቀር ስላልሆነ፣ ለእናቶችና ለሠራተኞች ሁሉ ይጠቅማል ብለን አቅርበነዋል።

ሥራ በቦርሳ ሲገባ

መቼም «የዩኒቨርሲቲ መምህር ምን ቸገረው? በቀን ሁለት ሰዓት አስተምሮ ይገባል» የሚል ሰው አይጠፋም። እርስዎም እንዲህ ብለው አስበው ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላ።

አንዲት መምህርት 60 ተማሪ ያለባቸውን ሦስት ክፍሎች ታስተምራለች እንበል። አንድ ጊዜ ስትፈትን 180 የፈተና ወረቀት ይሰበሰባል። አንዱን ወረቀት በ10 ደቂቃ ብታርም 1,800 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ሰዓት ይፈጅባታል። ይህን ሥራ ልጆች ከተኙ በኋላ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሠራው 15 ሌሊት ይሆናል። ይህ ገና የአንድ ፈተና እርማት ነው። የነገው ትምህርት ዝግጅት፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስብሰባውና ምርምሩ ከዚህ ውጭ ናቸው።

በመሠረቱ የዚህ ሥራ ባሕርዩ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ፈረቃው ሲያልቅ ይወጣል። የመምህር ሥራ ግን በቦርሳ ተይዞ ቤት ይገባል፤ ቦርሳው ቢቀር እንኳ በሐሳብ ይገባል። እራት ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ስለ ሌላ ነገር የሆነ አባት፣ ልጁን እያጠበች ያላለቀ ጽሑፍ በልቧ የምትጨርስ እናት፣ ሁለቱም በአካል ቤት ናቸው፤ በመንፈስ ግን ሥራ ላይ ናቸው።

መምህርቷም ይህንኑ አጫውተውናል። «ልጄ አንድ ቀን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችውና፣ ‹እማዬ፣ እዚህ ነሽ?› አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር እኮ» አሉን።

ቤት ማሳ ድረስ ሲከተል

ሥራ ወደ ቤት እንደሚገባ ሁሉ ቤትም ወደ ሥራ ይሄዳል። መምህርቷ የሚመራመሩት በማሽላ ላይ ነው። የማሽላ ሙከራ በተወሰነ ቀን ይዘራል፣ በተወሰነ ቀን ይለካል፣ በሽታው በቅጠሉ ላይ ምን ያህል እንደ ገፋ በየሳምንቱ ይመዘገባል። አንድ ዓመት ክረምት ላይ ልጃቸው በጠና ታመመች። እናት ናቸውና ከልጃቸው አልጋ ሥር አልተነሡም። ሲመለሱ ከመዝገቡ ላይ የሁለት ሳምንት ልኬት ጎድሎ ነበር።

«ማሽላ የልጅ ትኩሳት አያውቅም» አሉን እየሳቁ። «የጎደለውን ሳምንት መልሼ ላገኘው አልችልም። ዝናቡን ጠብቄ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ዘራሁ። የሁለት ሳምንት ሐሳብ የአንድ ዓመት ሥራ በላብኝ።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ቢያስተውሉ እንወዳለን። በዩኒቨርሲቲ ዕድገት የሚገኘው በማስተማር ብቻ አይደለም። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ወደ ፕሮፌሰር ለመድረስ ከፍ ያለ ትምህርትና ታትሞ የወጣ የምርምር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በብርቱ የሚፈለገው ከሃያዎቹ መጨረሻ እስከ አርባዎቹ መግቢያ ባለው ዕድሜ ነው። ሴት ልጅ የምትወልድበትና ሕፃን የምታሳድግበት ዕድሜም ይኸው ነው። ሁለቱ ፈላጊዎች በአንድ ቀን በአንድ በር ይመጡባታል ማለት ነው።

በአገራችን የሆነውን ብንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ለመሆን የበቁት የሥነ ሕይወት ምሁሯ ያለምፀሐይ መኮንን ናቸው። ለዚህ ማዕረግ የበቁት ግን ስድስት አሥርት ዓመታት ገደማ ካለፉ በኋላ ነበር። ይህን ያህል የዘገየው የሴቶች ጭንቅላት ስላነሰ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ ሐረር አካባቢ መለስ ብሎ ይመልከት።

ከሐረር ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ድጋፍ ተቋቁሞ፣ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በቀድሞ ዘመን በእርሻ ኮሌጅ ሴት ተማሪ ማየት ብርቅ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የመጡት ሰገነት ቀለሙ ግን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት እዚያ ነው። በእፅዋት በሽታ ጥናት ዓለም ያወቃቸው ሆኑ፤ በ2006 ዓ.ም. ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ችሎታው እንዳለ ታይቷል። የጎደለው ጊዜ ነው። ጊዜውን የወሰደው ማን እንደ ሆነ ደግሞ ከፈረስ መጋላዋ መምህርት ቤት እንመልከት።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ባልና ሚስቱ የተጋቡት ሁለቱም በአንድ ደረጃ ላይ ሳሉ ነው። ሁለቱም ሌክቸረር ነበሩ፤ ደመወዛቸውም እኩል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ባልየው የዶክትሬት ትምህርት ለመማር ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጃቸው የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ጎረቤት መጥቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ፤ ዘመድ ስልክ ደወለ፤ ቡና ተፈላ። «ልጅቷን ማን ይይዛታል?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መልሱ የታወቀ ነበርና።

ባልየው አራት ዓመት ተምረው በ2012 ዓ.ም. ዶክተር ሆነው ተመለሱ። በእነዚያ አራት ዓመታት መምህርቷ ማለዳ ልጃቸውን ለሞግዚት ሰጥተው፣ ከግንቡ ውጭ ወጥተው ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ ያስተምራሉ፤ ማሳ ይወርዳሉ፤ ማታ ተመልሰው ምሳ ዕቃ ያጥባሉ፣ እራት ይሠራሉ፣ ልጅ ያስተኛሉ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ያርማሉ።

የሚያርሙበትን ቦታም አሳይተውናል። የተከራዩት ቤት እንደ ጥንቱ የሐረር ቤት አሠራር ደረጃ ደረጃ እየሆነ የተሠራ የመቀመጫ መደብ አለው። በዚህ ቤት ሁሉም ቦታ ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው መቀመጫ ነው። ሱትሪ ነደባ የሚባለው ደግሞ ገለል ያለው፣ ከበር ለሚገባ ሰው የማይታየው መደብ ነው። «እሱ ወረቀቱን የሚዘረጋው አሚር ነደባ ላይ ነበር፤ ልጆቹም ‹አባዬ እየሠራ ነው› ብለው ዝም ይሉለታል። እኔ ግን ሁሉ ከተኛ በኋላ ሱትሪ ነደባ ላይ ተደብቄ ነበር የምሠራው። እኔ መጽሐፍ ስይዝ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥሁ ነበር የሚመስላቸው» አሉን።

ይህን ቃል አንባቢ ልብ ይበሉት። አባት በቤቱ ሲያነብ ሥራ ላይ ነው ይባላል። እናት ስታነብ ግን ከቤት ሥራ ጊዜ እንደ ሰረቀች ይቆጠራል።

ሌላም ነገር አለ። በሐረር ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ በርጫ ላይ ይሰበሰባሉ። ወሬው ፖለቲካና ኳስ ብቻ አይደለም። የትኛው መጽሔት ጽሑፍ እየተቀበለ እንደ ሆነ፣ የትኛው የውጭ ዕድል እንደ ወጣ፣ ማን ከማን ጋር ምርምር እንደ ጀመረ የሚሰማው እዚያ ነው። «እኔ በዚያ ሰዓት ልጅ ከትምህርት ቤት እያመጣሁ ነው። ማስታወቂያው ለእኔ የሚደርሰኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር» ብለዋል መምህርቷ።

በ2013 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተወለደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መምህርቷ ሲጠብቁት የኖሩት ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ለዶክትሬት ትምህርት ተቀብለዋቸዋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይፈለጋል። ያን ጊዜ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣ። እናታቸው ከድሬዳዋ ደውለው «ልጆቹንስ?» አሉ። አክስታቸው «ባልሽንስ ማን ያበላዋል?» አሉ። የሥራ ባልደረባቸው «ትንሹ ልጅ ከፍ እስኪል ብትቆዪ አይሻልም?» አላቸው። ባለቤታቸው ምንም አላሉም። «ከሁሉም የከበደኝ የእሱ ዝምታ ነበር። ‹አትሂጂ› ቢለኝ እከራከረው ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ወረቀቱን ያርማል» ሲሉ ነገሩን። በስምንተኛው ቀን «ዘንድሮ አይመቸኝም» የሚል ደብዳቤ ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ አስቀመጡ።

የእማማ ቆጠራ

የቤቱ ባለቤት በግቢው ውስጥ በሌላኛው ቤት የሚኖሩ ሐረሪ አሮጊት ናቸው። ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። ከአፎቻ ሲመለሱ ለሰላምታ ጎራ ብለው ነበር። አፎቻ ለማያውቁ አንባቢዎች እንንገርና፣ በሐረሪዎች ዘንድ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። የሴቶች ለብቻ፣ የወንዶችም ለብቻ አለ። በሠርግ ጊዜ ይረዳዳሉ፣ በሐዘን ጊዜ ይደራረሳሉ።

እማማ የመምህርቷን ፊት አይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ነገሩ ተነገራቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ልጄ፣ እኛ አፎቻ ላይ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ እንቆጥራለን። ሰው ስለማናምን አይደለም። ያልተቆጠረ ሸክም ሁልጊዜ ዝም በሚል ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው። ባልሽ ሲሄድ ልጅሽን አዝለሽ አራት ክረምት ስትወጪ ስትገቢ እኔ በዚች በር ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ቆጥሬያለሁ። እናንተ ግን አልቆጠራችሁም። አሁን ተራው የማን ነው?»

ባልየው እርማታቸውን አቆሙ። መልስ አልሰጡም። በማግስቱ ግን አንድ የተማሪ ደብተር ገዝተው መጡና መሐሉ ላይ መስመር አሰመሩበት። ለአንድ ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ ማን ምን እንደ ሠራ ተመዘገበ። እንጀራ የጋገረው፣ ውሃ ያጠራቀመው፣ የቤት ሥራ ያሠራው፣ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ የተነሣው፣ ጤና ጣቢያ የሄደው ሁሉ ተጻፈ። «የእሷ ገጽ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ዞረ፤ የእኔ ገጽ ግማሽ አልደረሰም» አሉን ባልየው ራሳቸው። «የሒሳብ መምህር ነኝ። በቤቴ ያለውን ሒሳብ ግን ሠርቼው አላውቅም ነበር።»

በአሥረኛው ቀን የተላከው መልስ «እመጣለሁ» የሚል ነበር። ያኛው ደብዳቤ በቦርሳ ውስጥ ቀረ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ብለን ልናታልልዎ አንፈልግም። አዲስ አበባ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትንሹ ልጅ በመጀመሪያው ወር እናቱ ስትደውል ወደ ስልኩ አልመጣም። መምህርቷ ስልኩን ዘግተው ያለቅሱ ነበር። ሁለት ጊዜ ዕቃቸውን ለመጠቅለል ተነሥተው ተመልሰዋል።

ባልየውም ከፈሉ። በማታና በቅዳሜ ያስተምሩት የነበረውን ተጨማሪ ክፍል ተዉ፤ ገቢያቸው ቀነሰ። ሞግዚት የምትቆየው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ባልደረቦቻቸው መሄዳቸው ቀረ። «ሚስቱን ልኮ ገንፎ ያገነፋል» ተብሎ ተስቆባቸዋል። ሊያሳትሙት ያሰቡት ጽሑፍ አንድ ዓመት ዘገየ።

«ሌሊት ልጁን አስተኝቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል» አሉን። «ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ የእኔ የዶክትሬት ጽሑፍ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ስም ብቻ ነው።»

እኛ እንዲህ ያለ ቃል ከባል አፍ የምንሰማው በየቀኑ አይደለም። ስለዚህ እንዳለ ጽፈነዋል።

በሌላው ዓለምስ?

ይህ የሐረር ወይም የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ደመወዝተኛ እናት ከሥራ ስትመለስ በቤት የሚጠብቃትን ሥራ «ሁለተኛው ፈረቃ» ብለው ሰይመውታል። በፋብሪካ ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህ ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ፈረቃ ደመወዝ አለ፤ በሁለተኛው የለም።

የማሪ ኩሪን ታሪክ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። የኖቤል ሽልማት ሁለት ጊዜ፣ በ1903 እና በ1911 እ.ኤ.አ. ያገኙ ሳይንቲስት ናቸው። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1906 በፓሪስ መንገድ ላይ በጋሪ አደጋ ሲሞቱ፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አንዷ ስምንት ዓመት፣ ሌላዋ ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ በእጃቸው ቀሩ። በዚያው ዓመት የባላቸውን ቦታ ተክተው በሶርቦን ለማስተማር የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይህ እንዴት ሆነ? ብዙ ጊዜ የማይነገርላቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ የባላቸው አባት፣ ሐኪሙ ዩጂን ኩሪ። እኚህ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1910 እስኪሞቱ ድረስ ከምራታቸው ጋር ኖረው የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ከታላቅ ሥራ ጀርባ ልጅ የያዘ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ ሴት መሆን እንደሌለበት ሐኪሙ አያት በተግባር አሳይተዋል።

ከእርስዎስ ቤት?

እርስዎ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ላይሆኑ ይችላሉ። ምናልባት ነርስ ነዎት፤ ምናልባት ጸሐፊ፣ ነጋዴ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ነዎት። የማታ ትምህርት ለመማር፣ የሙያ ፈተና ለመውሰድ፣ የኃላፊነት ቦታ ለመቀበል አስበው «ልጆቹንስ?» ተብለው ያውቃሉ? ይህ ጥያቄ መጥፎ ጥያቄ አይደለም። ልጅ ሊታሰብለት ይገባል። ስሕተቱ ጥያቄው ለእናት ብቻ መቅረቡ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቤተሰብ ያገኘናቸውን ጥቂት ነገሮች እናካፍልዎ።

አንደኛ፣ ይቁጠሩ። ለአንድ ሳምንት ብቻ በደብተር ላይ ማን ምን እንደ ሠራ ይጻፉ። ለጠብ ሳይሆን ለማየት ይሁን። ያልተጻፈ ሥራ ያልተሠራ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ተራ ይግቡ። ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ሁሉን ለማድረግ ቢሞክሩ ልጅም ሥራም ይጎዳል። ዘንድሮ አንዱ ይማር፣ አንዱ ይያዝ። ተራው ሲደርስ ግን ዕዳ እንዳለ ሳይዘነጋ ይከፈል። የተማረው ወገን የተሸከመለትን ወገን ተራ መጠበቅ ግዴታው ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራ ቦታና ሰዓት በግልጽ ይኑር። እናት የምታነብበት አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰዓት ልጆች እንዲያውቁት ይደረግ። «አባዬ እየሠራ ነው» ብለው ዝም የሚሉ ልጆች «እማዬ እየሠራች ነው» ማለትንም ይለምዳሉ። በአንጻሩም ሥራ የማይገባበት ሰዓት ይወሰን። በዚህ ቤት ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ወረቀትም ስልክም አይከፈትም። ልጅ ፊት ይዞ «እዚህ ነሽ?» ብሎ እስኪጠይቅ መቆየት አያስፈልግም።

አራተኛ፣ መብትዎን ይወቁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ለአባትም 10 የሥራ ቀን ደንግጎ ነበር። መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙም አዝዞ ነበር። በመሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ማቆያ ካለ ይጠቀሙበት፤ ከሌለ ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው ይጠይቁ። አባቶችም ፈቃዳችሁን ውሰዱ። ሕፃን የያዘ አባት ከመጀመሪያው ቀን ይለምዳል።

አምስተኛ፣ ዜናውን ያድርሱ። በሥራ ቦታዎ የወጣ የትምህርት ዕድል ወይም የዕድገት ማስታወቂያ ሲሰሙ፣ ልጅ ልታመጣ የሄደችውን ባልደረባዎን አይርሷት። አንድ የስልክ ጥሪ የአንዲትን እህት ሕይወት ሊለውጥ ይችላል።

ከሐረር ከመመለሳችን በፊት ወደዚያ ግቢ በድጋሚ ጎራ ብለን ነበር። መምህርቷ ለዕረፍት መጥተዋል። ጽሑፋቸውን ለማጠናቀቅ ገና አንድ ዓመት ያህል ይቀራቸዋል። ወረቀታቸውን የዘረጉት በዚህ ጊዜ አሚር ነደባ ላይ ነው። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ የራሷን የቤት ሥራ ትሠራለች። አሁን የአምስት ዓመት ልጅ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሊጮህ ሲል «እሽ! እማዬ እየሠራች ነው» አለችው። ባልየው ወጥ ቤት ነበሩ። ወጡ ትንሽ አሯል። እማማ ሽታውን ሰምተው ከደጅ ይስቃሉ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሎሚው ያው ሎሚ ነው፤ ለውጥ ያመጣው ተሸካሚው መብዛቱ ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ እራት ቀርቦ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የእማማን ጥያቄ በእርስዎም ማዕድ ላይ ያንሡት። በዚህ ቤት እስከ ዛሬ የተሸከመው ማን ነው? አሁንስ ተራው የማን ነው?